ወሰን ላይ አጥር ለማጠር የጎረቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ጥያቄውና የተሰጡት መልሶች

ጠያቂዋ በኢንተርኔት የውይይት ገጽ ላይ ነገሩን ያቀረበችው እንዲህ ነው። ከጎረቤቷ ጋር የሚያዋስናት የቁጥቋጦ አጥር አርጅቶ ከሥሩ ሳስቷል፤ ውሻዋ በቀዳዳው እየሾለከ የጎረቤት የአትክልት መደብ ይቆፍራል። ስለዚህ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነ የጣውላ አጥር ለማቆም አሰበች። ጎረቤቷ በዕድሜ የሚበልጧት፣ አንቱ የምትላቸው ሰው ናቸው። አማከረቻቸው፣ እሳቸውም በቃል እሺ አሉ። ክሩ ተወጥሮ የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ሲቆፈሩ ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ። አንደኛ፣ ክሩ ወሰኑን አልፎ ወደ እኔ 40 ሳንቲሜትር ያህል ገብቷል አሉ። ሁለተኛ፣ ይህን የሚያህል ጣውላ ከቆመ ችግኜ ጸሐይ አያገኝም አሉ። እሷ የምትጠይቀው መሬቱ የራሷ፣ ገንዘቡም የራሷ ሆኖ፣ ያውም አንዴ እሺ ከተባለች በኋላ፣ እንደገና ፈቃድ ልትለምን ይገባት እንደሆነ ነው። ከጽሑፉ ሥር የካርታዋን ቅጂና የተወጠረውን ክር ፎቶ አያይዛለች።

መልሱ ብዙ ነው፤ ሩብ ያህሉም ስለ አጥር አይደለም። በቁጥር ቅደም ተከተላቸው እነግራችኋለሁ፤ ያልጣመኝን አልደብቅም፣ ጭልጥ ብለው ከጉዳዩ የወጡትንም በአጭሩ አልፋቸዋለሁ።

1ኛው ጨዋ ሰው ነው። ጠያቂዋን እህቴ ብሎ ጀመረና ሁሉንም ነገር ትታ ሥራውን እንድታስቆም መከራት። ማስቆም መሸነፍ አይደለም ባይ ነው። ያልተተከለ ቋሚ ቦታውን ለመቀየር አያስቸግርም፤ ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ ግን ሁለቱም ወገን ከቃሉ ለመመለስ ያፍራል፣ ነገሩም እዚያው ይከራል።

2ኛው በዚህ ተስማምቶ አንድ ነገር ጨመረ፦ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ባስቸኳይ ይከደኑ። በጨለማ አንድ ሰው ገብቶባቸው እግሩ ቢሰበር፣ የወሰን ክርክሩ ላይ ሌላ ክስ ይደረባል።

3ኛው ሰላምታም አላስቀደመ። በገዛ መሬቱ፣ በገዛ ገንዘቡ አጥር የሚሠራ ሰው ማንንም አያስፈቅድም አለ። አናጢው ቅዳሜ ጠዋት ይግባ፣ አጥሩ እሑድ ማታ ቆሞ ይደር፣ ሰውየውም ሳይወዱ በግድ ይለምዱታል። ከሁሉም መልሶች ብዙ ላይክ ያገኘው ይኸ ነው፤ አልገረመኝም። በጎረቤቱ የተናደደ ሰው መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ግን የመልሱ ጉልበት በሙሉ ያረፈው "በገዛ መሬት" በሚለው ላይ መሆኑን ልብ በሉ። የተጣሉትም እኮ መሬቱ እስከ የት ድረስ የማን ነው በሚለው ነው።

4ኛው ሙያው ቅየሳ ነው፤ በእኔ ግምት ውይይቱን መስመር ያስያዘው እሱ ነው። የካርታውን ቅጂ አየና በመጀመሪያ ስኬሉን፣ ማለትም ካርታው መሬቱን በስንት እጥፍ አሳንሶ እንደሚያሳይ፣ ጠየቀ። 1፡1000 ከሆነ፣ ካርታው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር መስመር መሬት ላይ ሲወርድ ግማሽ ሜትር ይሸፍናል። እነዚህ ጎረቤቶች የተጣሉበት 40 ሳንቲሜትር እንግዲህ መስመሩ በተሰመረበት ቀለም ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ነው። ሁለቱም ያንኑ ካርታ ይዘው ሊማማሉ ይችላሉ፤ ካርታው ለአንዳቸውም አይፈርድም።

ቀጥሎ ስለ ስልክ ተናገረ። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ወለል ባለበት ሜዳ እንኳ እስከ 5 ሜትር ያህል ይስታል፤ በቤትና በዛፍ መካከል ሲሆን ይብስበታል። በሳተላይት ፎቶ ላይ የተሰመረ የወሰን መስመርም ከዚህ አይሻልም። ወሰንን የሚናገሩት ያኔ በቅየሳው ጊዜ የተተከሉት ችካሎች፣ በመዝገብ ያሉት የማዕዘን ነጥቦችና የየጎኑ ርዝመት ናቸው። እነዚህን ይዞ፣ ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ወይም የቅየሳ ጂፒኤስ ያለው ባለሙያ ከለካ ጥርጣሬው ወደ ጥቂት ሳንቲሜትር ይወርዳል።

እኔ የወደድኩለት ግን የመጨረሻውን ምክሩን ነው። ቀያሽ ለብቻሽ ቀጥረሽ ውጤቱን ለሰውየው እንዳትወስጂላቸው አላት፤ በአንድ ወገን የተቀጠረ ቀያሽ የዚያ ወገን ምስክር ነው የሚባለው። ማን ይጠራ የሚለውን አብረው ይምረጡ፣ ክፍያውን ቢቻል ይካፈሉ፣ መሣሪያው ሲተከልም ሁለቱም ይቁሙ። ሰው ሲለካ ያየውን ነገር በኋላ ለመካድ ይከብደዋል።

5ኛው ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል፣ ቁጥቋጦው ራሱ ወሰን አይደለም ወይ አለ፤ የግንዶቹን መሐል ይዞ ክር መወጠር ብቻ ነው። 6ኛው ላይ ቀያሹ ተመልሶ አረመው። ቁጥቋጦ እያደር ስለሚሰፋ ተካዩ ብዙ ጊዜ ወደ ራሱ ግቢ አስገብቶ ነው የሚተክለው። ስለዚህ ግንዶቹ ከእውነተኛው ወሰን ግማሽ ሜትር ርቀው ሊገኙ ይችላሉ። ሁለት ባለቤቶች ተስማምተው ልክ መሐሉ ላይ የሚተክሉበት ጊዜም አለ። ማን እንደተከለው ካልታወቀ የቁጥቋጦው ምስክርነት ደካማ ነው።

7ኛው ላይ ጠያቂዋ መጣች። ችካል ፍለጋ ወጥታ በመንገዱ በኩል አንድ የብረት ችካል ሣር ውስጥ አግኝታለች። የጓሮው ግን የለም፤ መኖር ያለበት ቦታ ላይ የጎረቤቷ የኮምፖስት ክምር ተቀምጧል።

8ኛው አላስቻለውም፤ ሰውየው ወሰኑን ብስባሽ ሥር ቀብረውታል ብሎ ቀለደ። ከዚያ እስከ 12ኛው ድረስ አጥር ተረስቶ ስለ ኮምፖስት ሆነ። ክምሩ ወሰን ላይ መቀመጥ አለበት ወይ፣ ሽታው ወዴት ይሄዳል፣ አይጥ ይስባል አይስብም። አንዷ በደንብ የተሠራ ክምር መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ እንደሚግልና የአረም ዘር እንደሚገድል ነገረችን። ሌላው የእሱ ክምር ፈጽሞ ግሎ እንደማያውቅ አማረረ፤ ውሃና አረንጓዴ ቅጠል ጨምርበት ተባለ። ደግ ነው፣ ግን ለጠያቂዋ ምን ፈየደ?

13ኛው ሕግ የተማረ ሰው ነው፤ ነገሩን ከሥሩ ያዘው። ፈቃድ ያስፈልጋል አያስፈልግም ከማለት በፊት አጥሩ የት ላይ ነው የሚቆመው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል አለ። ሙሉ በሙሉ በአንዱ ግቢ ውስጥ የቆመ አጥር የዚያ ሰው ንብረት ነው፤ የከፍታና የመሳሰለው ደንብ እንደተጠበቀ ሆኖ ጎረቤት ብዙ የሚለው የለውም። ልክ ወሰኑ ላይ የሚቆም አጥር ግን ሌላ ነገር ነው፤ በብዙ አገር ሕግ የጋራ ይሆናል፣ ወይም ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሠራም። ሰው "ወሰኔ ላይ አጥር አጥራለሁ" ሲል ከሁለቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ራሱም አይለየውም።

ከዚያ ከየአገሩ ምሳሌ አመጣ። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ፣ በወሰን ላይ ካለ አጥር ሁለቱም ጎረቤቶች እኩል እንደሚጠቀሙ ይገመታል፤ ወጪውንም እኩል ይጋራሉ፤ የሚያጥረው ሰው ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በእንግሊዝ እስከ 2 ሜትር ያለው አጥር በአብዛኛው የግንባታ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ መኪና የሚሄድበትን መንገድ ተጠግቶ ሲቆም ግን የቁመቱ ጣሪያ 1 ሜትር ነው። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ2 ሜትር በላይ የሚረዝም ዛፍ ከወሰን 2 ሜትር ይርቃል፣ ከዚያ የሚያጥረው ግማሽ ሜትር። ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ ብሎም ወደ ጥንት ወሰደን፦ የሮማው የሕግ ሊቅ ጋይዮስ የአቴናው ሶሎን ያወጣውን ነው ብሎ ባቆየው ደንብ፣ አጥር የሚያጥር ወሰን እንዳያልፍ፣ ግንብ የሚገነባ አንድ ጫማ እንዲተው፣ በለስ ወይም ወይራ የሚተክል ዘጠኝ ጫማ፣ ሌላ ዛፍ የሚተክል አምስት ጫማ እንዲርቅ ታዟል። በእኔ በኩል ይቺን የጫማ ዝርዝር ሳነብ ያኔም ጓሮ ለጓሮ ይካሰሱ ነበር ማለት ነው ብዬ ሳቅሁ።

14ኛው እርማት ይዞ መጣ፣ በትሕትና። የካሊፎርኒያው ግምት ተቃራኒ ማስረጃ ካለ ሊፈርስ ይችላል፤ አጥሩ ለአንዱ ብቻ የሚጠቅም ከሆነ ፍርድ ቤት ድርሻውን መቀነስ ወይም ጨርሶ ማንሳት ይችላል። የፈረንሳዩም ርቀት የሚሠራው የአካባቢው ደንብ ወይም ልማድ ሌላ ካላለ ብቻ ነው። 13ኛው ተቀብሎ አመሰገነ። ሁሉም እርማት እንዲህ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር።

15ኛዋ ወደ 3ኛው ተመልሳ ወረደችበት። እንደ እሱ ዓይነት ምክር የሚሰጥ ሰው መዘዙ ሲመጣ ቤቱ ተኝቶ ነው አለች፤ አጥሩ በስህተት ጎረቤት መሬት ላይ ከቆመ ማፍረሻውንም ኪሣራውንም የሚከፍለው መካሪው አይደለም። 16ኛው ላይ እሱም መለሰላት፦ እዚህ የተሰበሰባችሁት ጎረቤት ፈሪዎች ናችሁ፣ ሰው ሲፈራ ደግሞ ካርታና ሕግ ይጠቅሳል። ሁለት ሰዎች ቃል ተወራወሩ፤ አስተባባሪው ሁለቱን መልሶች ሰረዘ። ምን እንደነበሩ አላየሁም፣ ቁጥራቸው ግን 17 እና 18 ነው።

19ኛው ከራሱ ኑሮ ተናገረ። እሱም እንዲሁ የወሰን ጥርጣሬ ነበረበት። ጠብ አልፈልግም ብሎ አጥሩን 30 ሳንቲሜትር ወደ ራሱ ስቦ አቆመ፤ ወሰኑ ያለው ከአጥሩ ወዲያ መሆኑን በልቡ እያወቀ። ዓመታት አለፉ። ጎረቤቱ ያቺን ቁራጭ መሬት አበባ ተከለባት፣ ቀጥሎ የድንጋይ ጠርዝ ሠራላት። የጎረቤቱ ቤት ሲሸጥ አዲሱ ገዢ አጥሩን እንደ ወሰን አድርጎ ያዘ። አሁን ሰውየው መሬቴ ነው ሲል ማስረጃ ጠየቁት። ለሰላም ብሎ የሰጠው ክፍተት ራሱን መልሶ ከሰሰው።

20ኛው፣ ያው የሕግ ሰው፣ ለዚህ መድኃኒት እንዳለው ተናገረ። በብዙ አገር ሕግ መሬትን ለረጅም ዓመታት እንደ ራስ አድርጎ መያዝ የባለቤትነት ጥያቄ ያስነሳል፤ ዓመቱ ከአገር አገር ይለያያል። የሚከለክለው ፈቃድ ነው። አጥሩ ወሰን አለመሆኑን፣ ክፍተቱንም ጎረቤት የሚጠቀምበት በባለቤቱ ፈቃድ መሆኑን የሚገልጽ፣ ሁለቱም የፈረሙበት አንድ ገጽ ወረቀትና ቀን ያለው ፎቶ ይበቃል። ወደ ራስ ስቦ ማጠር ጥሩ ነው፣ ዝም ብሎ መሳብ ግን አይደለም።

21ኛዋ በሌላ ወገን ሆና ነው የጻፈችው፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ መልስ አልነበረም። አጥር የታጠረባት እሷ ናት። ከመንገድ ስትመለስ ጓሮዋ በጣውላ ተዘግቶ ጠበቃት። አጥሩ ያለ ቦታው አልቆመም፣ ሕግም አልጣሰም፣ እንዲያውም አሁን ሳየው ደስ ይለኛል አለች። ያንገበገባት ጎረቤቷ ዕቅዱን ካወቀ ወራት አልፎት በየጠዋቱ ሰላም እያላት አንድ ቃል አለመተንፈሱ ነው። የጠያቂዋ ጎረቤት ሽማግሌውም እሺ ያሉት ስለ አጥር ነው እንጂ ስለዚህ አጥር አይደለም፤ ቁመቱን፣ ቦታውን፣ ጣውላው ድፍን መሆኑን ያኔ ማን ነገራቸው? ጠያቂዋ ሥሩ ላይ ልክ ነሽ፣ ቁመቱን አልነገርኳቸውም ብላ አጭር ቃል ጻፈች።

22ኛው አጥር ሲያጥር የኖረ አናጢ ነው። ረጅም ጻፈ፣ እኔም ከዚያ ሁሉ መልስ ደግሜ ያነበብኩት የእሱን ነው። ድፍን የጣውላ አጥር ማለት መሬት ላይ የቆመ የጀልባ ሸራ ነው ይላል። ንፋሱ በእጥፍ ሲፈጥን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለዚህ ነው በዝግታ ቀን ንቅንቅ የማይለው አጥር ባንድ ሌሊት የሚተኛው። ለ1 ሜትር ከ80 አጥር 2 ሜትር ከ40 ቋሚ ይዞ ሩቡን፣ ማለትም 60 ሳንቲሜትሩን፣ መቅበር የመጨረሻው ትንሹ ነው፤ አፈሩ ለስላሳ ከሆነ ይጨመራል። በቋሚና በቋሚ መካከል ከ2 ሜትር ከ40 በላይ መራቅ አይገባም፤ እሱ ንፋስ በሚበዛበት ቦታ ወደ 1 ሜትር ከ80 ያጠባቸዋል።

እንጨት የሚበሰብሰው የት እንደሆነም አስረዳ። ጥልቅ የተቀበረው ጫፍ አየር ያጥረዋል፣ ከላይ ያለው ቶሎ ይደርቃል፤ ሻጋታው የሚመቸው እርጥበትም አየርም በሚያገኝበት አፈር አፍ ላይ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ነው። ስለዚህ ኮንክሪቱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ በማንኪያ ይለሰናል፤ ሳህን መስሎ ውሃ ከያዘ ቋሚውን ሲያጠጡት መኖር ነው። የታችኛው ጣውላም አፈር እንዳይነካ ጥቂት ሳንቲሜትር ይነሳል፤ ያ ክፍተት ለጎርፍ ውሃም መውጫ ይሆናል። ግንብ የሚሠሩ ሰዎች የውሃ ቀዳዳ ሳይተዉ ቀርተው ዝናብ ሲመጣ የላይኛው ግቢ ሐይቅ እንደሚሆን፣ እዚያም ላይ አዲስ ጠብ እንደሚነሳ ጨመረ።

በመጨረሻ ለዚህ ጠብ ይበጃል ያለውን አቀረበ፦ ድፍኑን ትታ በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ትተው። ግማሹ ክፍት የሆነ አጥር የንፋሱን ጉልበት ያደክማል፤ ድፍኑ ግን ንፋሱን ሽቅብ ወርውሮ ከጀርባው ያሽከረክረዋል፣ ችግኝ የሚሰብረውም ያ ሽክርክሪት ነው። ብርሃንም በክፍተቱ ያልፋል። ውሻው ደግሞ ከጣት በማይበልጥ ክፍተት አይሾልክም።

23ኛው ስሌት ይወዳል። የጥላው ነገር በግምት የሚያስጮህ አይደለም፣ ይለካል አለ። ጸሐይዋ 45 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን 1 ሜትር ከ80 አጥር የራሱን ቁመት ያህል ጥላ ይጥላል፤ 30 ዲግሪ ስትወርድ ጥላው 3 ሜትር ከ10 ይደርሳል። አጥሩ ወደ 1 ሜትር ከ50 ዝቅ ቢል በዚያው ሰዓት 2 ሜትር ከ60 ይሆናል። ዋናው ግን መደቡ ከአጥሩ በየት በኩል እንዳለ ነው፤ ጸሐይ በሚመጣበት በኩል ከሆነ አጥሩ ምንም አይጎዳውም፣ ከጀርባው ከሆነ ግን የሰውየው ስጋት እውነት ነው። 24ኛው ላይ ጠያቂዋ ወጥታ አየች፦ መደቡ በጥላው በኩል ነው፣ የሚጀምረውም ከቁጥቋጦው አንድ ሜትር ርቆ። 3ኛው ብቅ ብሎ ችግኙን ወደዚያ ያንሱታ አለ። ማንም አልመለሰለትም።

ከ25 እስከ 28 ስለ አጥሩ "ፊት" ሆነ። ለስላሳው ገጽ ወደ ጎረቤት ይዙር ወይስ ወደ ባለቤቱ? አንዱ ቋሚዎቹ የሚታዩበት ወገን የባለቤቱ ስለሆነ ከዚያ ወሰን ይታወቃል አለ። የሕግ ሰው ይህ በየቦታው የሚወራ ነገር እንጂ በራሱ ማስረጃ እንዳልሆነ ተናገረ፤ አናጢው ደግሞ ጣውላውን ከሁለቱም ወገን እያፈራረቁ መምታት እንደሚቻልና ያኔ ጀርባ የሚባል እንደማይኖር፣ ጣውላ ግን እንደሚጨምር። ሁለት ሰዎች ግን ለስላሳውን ገጽ ለጎረቤት ማሳየት ጨዋነት ነው፣ የለም ሞኝነት ነው እያሉ እስኪሰለቹ ተከራከሩ። ጉንጭ አልፋ።

29ኛዋ 3ኛውን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፣ ያለ ስድብ፦ አንተ እንደመከርከው አጥረህ ከሆነ ከጎረቤትህ ጋር እንዴት ናችሁ? 30ኛው ላይ መለሰ። ሰላምታ እንደሌላቸው፣ እሱም እንደማይፈልገው ጻፈ። አጥሩ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል አለ።

31ኛው የእኔው ነው። እኔ ያየሁት ሦስት ጥያቄ ባንድ ገመድ ታስሮ እንደሚጎተት ነው። ወሰኑ የት ነው? አጥሩ የማን ነው፣ ማንስ ይከፍላል? ምን ዓይነት አጥር ይሁን? የመጀመሪያውን ችካልና ቀያሽ ይፈቱታል፤ ንግግር ብቻውን አይፈታውም። ሁለተኛው በየአገሩ ሕግና በስምምነት ያልቃል። ሦስተኛው ላይ ቀያሽም ዳኛም ብዙ ሥራ የለውም፤ ተቀምጦ መነጋገር ነው። ሰውየው ሁለት አቤቱታ ነበራቸው፣ አንዱ የወሰን አንዱ የጥላ። ጠያቂዋ ለሁለቱም የሰጠችው መልስ አንድ ነው፦ መሬቱ የኔ ነው። ለጥላ አቤቱታ የመሬት መልስ ስትሰጥ ሰውየውም በፋንታቸው የጥላውን ንዴት ወደ ወሰኑ አዞሩት። 40 ሳንቲሜትሩ ከጣውላው ቁመት በፊት ትዝ ብሏቸው ቢሆን ኖሮ ያኔ እሺ ሲሉ ያነሱት ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ግምት ነው።

ስለዚህ ወረቀት ጻፉ አልኩ። ወሰኑ ከየቤቶቻቸው ማዕዘን በስንት ሜትር እንደሚርቅ (የቤት ማዕዘን እንደ ቁጥቋጦ አይንቀሳቀስም)፣ አጥሩ በማን በኩል እንደሚቆም፣ ቁመቱ፣ የጣውላው ክፍተት፣ ቀለም የሚቀባው ሰው ለሥራ ወደ ሌላው ግቢ መግባት እንደሚችል፣ ቢወድቅ ማን እንደሚያነሳው፣ ቀን፣ ፊርማ።

32ኛው አልጣመውም። ከጎረቤት ጋር ወረቀት መፈራረም አላምንህም እንደማለት ነው፣ በቃል ያልጸና ነገር በወረቀትም አይጸናም ብሎ ተቆጣ። 33ኛዋ ቀደመችኝ፦ ወረቀቱ ለእነሱ አይደለም፣ ለሚመጣው ነው። ከሁለቱ አንዱ ቤቱን ሲሸጥ ወይም ለልጆቹ ሲተው ቃሉን የሰማ ሰው አይኖርም፤ 19ኛውን አንብብ አለችው። አንብቦ እንደሆነ አላውቅም፣ ዝም አለ።

34ኛዋ ውሻ አሠልጣኝ ናት፤ ሁላችንም የረሳነውን አስታወሰችን። ይህ ሁሉ የመጣው በውሻው ነው፤ ጣውላው ደግሞ ውሻውን ላያቆመው ይችላል፣ ቆፋሪ ውሻ ከሥር ይገባል። መድኃኒቱ የብረት መረብ ነው፦ የታችኛውን 30 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውሻው ወገን አጥፎ መሬት ላይ አንጥፎ አፈር ማልበስ። ውሻ የሚቆፍረው አጥሩ ሥር ስለሆነ መረቡ ላይ ይደርስና ይተወዋል። ይህንን መረብ ዛሬውኑ ከክርክሩ መሬት ርቃ፣ በራሷ ግቢ ውስጥ፣ በጊዜያዊ ዘንጎች ብትዘረጋው የሰውየው መደብ ከነገ ጀምሮ አይቆፈርም። ሌላው ሁሉ በቀስታ ሊሄድ ይችላል። በጣም የወደድኩት መልስ ነው፤ ጥድፊያውን ከነገሩ ውስጥ አወጣው።

35 እና 36 ጣውላውን ትታ አዲስ ቁጥቋጦ ትትከል በሚሉና ቁጥቋጦ ማለት ዕድሜ ልክ መከርከም ነው በሚሉ መካከል ነበር። 37ኛው ስለ ውሻው ዝርያ ጠየቀ። ፎቶ ተለጠፈ፣ ልብ ተላከ፣ እስከ 41 ድረስ ውሻ ሆነ።

42ኛው ላይ ጠያቂዋ ተመለሰች። መረቡን ዘርግታለች፤ ሰውየው ከመስኮት ሲያዩ ቆይተው ወጥተው ዘንጉን ያዙላት። የጥላውን ልክ ነገረቻቸው፣ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣችው ጠየቋት። ክፍተት ያለው አጥር ይስማማቸዋል፣ ቁመቱ ግን 1 ሜትር ከ50 እንዳያልፍ ይፈልጋሉ። እሷ ገና እሺ አላለችም፤ በዚያ ቁመት ግቢዋ ከመንገዱ ይታያል። የቀያሹን ክፍያ ለመካፈል ተስማምተዋል። ኮምፖስቱንም አብረው በአካፋ ገፉት፤ ችካሉ ሥሩ አለ፣ ግን አናቱ ተጣሞ ወደ እሷ ግቢ ተኝቷል።

43ኛው፣ ያው 3ኛው፣ ማን እንዳጣመመው ይታወቃል አለ። 44ኛው ላይ ቀያሹ ፈጥኖ ጻፈ። አካፋም ጋሪም ሊያጣምመው ይችላል፣ ማን አደረገው የሚለውን ተዉት፤ ከሁሉ በላይ ግን ማንም እንዳይነካው፣ ላቃናው ብሎም እንዳይሞክር። ቀያሹ የሚለካው የተጣመመውን አናት ሳይሆን ችካሉ መሬት የገባበትን ቦታ ነው፤ ሲያቃኑት ከሥሩ ከላላ ያ ቦታ ይጠፋል። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድራችሁ ፎቶ አንሱት፣ ኮምፖስቱንም መልሳችሁ እንዳትከምሩበት አለ።